ሴረም ያልገባበት ጉድጓድ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ በአንድ የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራ እሠራለሁ። ከመንዝ በተሰበሰበ የበግ ሴረም (ከደም የተለየ ፈሳሽ) ውስጥ የሜዲ ቪስና፣ ማለትም የአንድ የበግ ቫይረስ በሽታ፣ አንቲቦዲ ለመፈለግ ራሳችን ያዘጋጀነውን ኢንዳይሬክት ኤላይዛ (አንቲቦዲን በኢንዛይም ቀለም የሚያሳይ ምርመራ) እየሞከርን ነው። አንቲጅኑ፣ ማለትም አንቲቦዲው የሚይዘው ነገር፣ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተመረተ የቫይረሱ ፕሮቲን ነው። ባለ ትንንሽ ጉድጓዱን የፕላስቲክ ፕሌት፣ ሌላ ፕሮቲን እንዳይጣበቅበት፣ በ5 በመቶ የዱቄት ወተት ሸፍነን፣ የበጉን ሴረም ጨምረን፣ ከአህያ የተገኘ ፀረ በግ ኮንጁጌት፣ ማለትም ፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም የተያያዘበትን አንቲቦዲ፣ በንጹሕ በፈር (የማቅጠኛ ፈሳሽ) 1 ለ1000 አቅጥነን ስንጨምር ቀለም አውጪው ቲኤምቢ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መላውን ፕሌት ሰማያዊ አደረገው፤ ሴረም ያልገባባቸውን ጉድጓዶች ጭምር። ከዚያ የማጠቢያው በፈር እየሻገተ ስላስቸገረን ሶዲየም አዛይድ ጨምረንበት ሥራውን ደገምነው። አሁን ደግሞ አንድም ጉድጓድ ቀለም አላወጣም። ኮንጁጌቱ ተበላሽቶ ነው? ለፍየል የተሠራ ሌላ ጠርሙስ አለን፤ እሱን ብንጠቀምስ?»

ምላሽ፦ ኮንጁጌቱ አልተበላሸም። የተበላሸ ኮንጁጌት በሁለት ደቂቃ ሙሉ ፕሌት አያቀልምም። የመጀመሪያው ፕሌት ችግር ወተቱ ነው፤ የሁለተኛው ችግር አዛይዱ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ የማይገናኙ ጥፋቶች ናቸው፤ ተከታትለው ስለመጡ ግን ጥርጣሬው ሁሉ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። አዲስ ጠርሙስ ከውጭ ከማዘዝዎ በፊት የሚከተለውን ይመልከቱ። ምላሹ ረዘም ይላል፤ «ወተቱን ይቀይሩ» ብዬ ብቻ ብተወው ያው ችግር በሚቀጥለው ወር በሌላ በር ይገባብዎታል።

በመጀመሪያ ፕሌቱ ላይ ማን ማንን እንደሚይዝ እንስማማ። አብዛኛው መመሪያ «የመጀመሪያው አንቲቦዲ» ሲል ከድርጅት ተገዝቶ የሚመጣውን ያስባል። በእርስዎ ሥራ ግን የመጀመሪያው አንቲቦዲ የበጉ የራሱ ነው፤ በቫይረሱ ስለተያዘ የሠራው፣ ከአንገቱ ደም ሥር ተቀድቶ የመጣው። ሁለተኛው አንቲቦዲ፣ ማለትም ኮንጁጌቱ፣ የተገኘው የበግ ኢሚውኖግሎቡሊን (አንቲቦዲ የሆነው ፕሮቲን) ከተወጋ አህያ ነው። ይህ አንቲቦዲ ስለ ሜዲ ቪስና ምንም አያውቅም። የሚፈልገው የበግ ኢሚውኖግሎቡሊን ብቻ ነው፤ ባገኘበት ቦታ ይጣበቃል፣ በጀርባው የተሸከመው ኢንዛይምም ሰብስትሬቱን፣ እዚህ ቲኤምቢውን፣ ባገኘ ጊዜ ቀለም ያወጣል። ስለዚህ ሰማያዊ ጉድጓድ የሚነግርዎት «ይህ በግ ታሟል» የሚል ነገር አይደለም። የሚነግርዎት «እዚህ ኢንዛይም ቀርቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ኢንዛይሙ የቀረበት ምክንያት የበሽታው አንቲቦዲ መሆኑን ማረጋገጥ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመለሰውም ወደዚሁ ነው።

ኢንዛይሙን በቀጥታ በበጉ አንቲቦዲ ላይ ማሰር አይሻልም ወይ የሚል ተማሪ አይጠፋም። እንዲያ ከሆነ የእያንዳንዱን በግ ሴረም ለየብቻ ማጣራትና ማያያዝ ሊኖርብን ነው። አንድ ጠርሙስ ሁለተኛ አንቲቦዲ ግን ለመንዝም ለመርሐቤቴም በግ፣ ለሜዲ ቪስናም ለብሩሴላም ያገለግላል። በዚያ ላይ በአንድ የበግ አንቲቦዲ ላይ ብዙ የአህያ አንቲቦዲዎች በተለያየ ቦታ ስለሚቀመጡ ደካማው ምልክት ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ስቶክሆልም ላይ ኢቫ ኤንግቫልና ፒተር ፐርልማን፣ በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ቫን ዊመንና ስኹርስ በራዲዮአክቲቭ ምልክት ፋንታ ኢንዛይም ተጠቅመው ይህን ዘዴ ካስተዋወቁ ወዲህ የጨረር መለኪያ የሌለው ቤተ ሙከራ ሁሉ አንቲቦዲ መለካት ችሏል። ይሁን እንጂ ምልክትን የሚያጎላ ነገር ስሕተትንም ያጎላል።

አሁን ወደ ወተቱ። ላም፣ በግና ፍየል የአንድ ቤተሰብ እንስሳት ናቸው፤ ኢሚውኖግሎቡሊናቸውም በጣም ይመሳሰላል። አህያ ከሦስቱም ሩቅ ነው። ስለሆነም የበግ ኢሚውኖግሎቡሊን የተወጋ አህያ የሚሠራው አንቲቦዲ በተለየ ማጣሪያ ካላለፈ በስተቀር የፍየሉንም የላሙንም ይይዛል። የዱቄት ወተቱ የላም ነው። በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ግማሽ ግራም አካባቢ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ ይገኛል። 5 በመቶ የዱቄት ወተት ከትኩሱ ወተት ግማሽ ያህል የቀጠነ ስለሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 250 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ወተቱ ሲደርቅ ሙቀቱ ዘጠና በመቶውን አጥፍቶታል ብለን እንኳ ብንገምት 25 ማይክሮ ግራም ይቀራል። ኮንጁጌትዎ እንደ አብዛኞቹ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ 1 ለ1000 ሲቀጥን በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራው «አትያዝ» ማለት የነበረው ማገጃ ራሱ ኮንጁጌቱን በሃያ አምስት እጥፍ ብልጫ እየጠራው ነው። ሴረም ያልገባበት ጉድጓድም ቀለም ያወጣው ለዚህ ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ዓይነት ይመስላል፤ ግን በእርስዎ ፕሌት ላይ ጠሪ ነበረ፣ ወተቱ።

የወተት ጣጣ ሁለት መልክ እንዳለውም ይወቁ። ወተቱ ፕሌቱን ለመሸፈን ብቻ ውሎ ኮንጁጌቱ በንጹሕ በፈር ሲቀጥን፣ ልክ እርስዎ እንዳደረጉት፣ ሁሉም ጉድጓድ ቀለም ያወጣል። ኮንጁጌቱ ራሱ በወተት ውስጥ ሲቀጥን ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈው የላም ኢሚውኖግሎቡሊን ኮንጁጌቱን ገና ፕሌቱ ሳይደርስ ይይዘዋል፤ ከዚያ በእጥበት አብሮት ይሄዳል። ውጤቱ ንጹሕና የሚያምር፣ ነገር ግን ደካማ ፕሌት ነው። ይህኛው የባሰ ነው፤ ሁሉም ጉድጓድ ቀለም ያወጣበት ፕሌት ያስደነግጥዎታል፣ ደካማው ግን «ጥሩ ነው፣ በሽታው የለም» ያሰኛል።

ታዲያ በምን ይሸፈን? ከዓሣ የተሠራ ጄላቲን ቢገኝ መልካም ነው። ካልተገኘ ተራው የቤተ ሙከራ ጄላቲን 1 በመቶ፣ ከ0.05 በመቶ ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ጋር፣ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ኦቫልቡሚን፣ ማለትም የዶሮ እንቁላል ነጭ ክፍል ዋናው ፕሮቲን፣ ከዶሮ ስለሆነ ፀረ በግ ኮንጁጌት አይነካውም። የላም ሴረም አልቡሚን የሚመርጡ ከሆነ ከኢሚውኖግሎቡሊን የጸዳ መሆኑ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይፈልጉ፤ ርካሹ ዓይነት ውስጥ ርዝራዡ አይጠፋም። ኮንጁጌቱ ከአህያ ስለሆነ ከበሽታ ነጻ የሆነ የአህያ ሴረም 5 በመቶ ከሁሉም የተሻለ ማገጃ ነው፤ አህያ የአህያን ኢሚውኖግሎቡሊን እንደ ባዕድ አያየውም። አህያ በሞላበት በሰሜን ሸዋ ከገበያ አህያ ደም ቀድቶ ሴረም ማዘጋጀት ያጓጓል፤ አልመክርም። የገበያ አህያ በሕይወቱ ብዙ ተሐዋስያን ያገኘ ነው። የራሱ አንቲቦዲዎች፣ በተለይ ባክቴሪያ ነክ አንቲጅን ላይ፣ ቀድመው ተቀምጠው የበጉን ቦታ ሊይዙበት ይችላሉ።

በብዙ መመሪያ ውስጥ «በፍየል ሴረም ይሸፍኑ» የሚል ምክር ያገኛሉ። ይህ ምክር የተጻፈው ከፍየል የተሠራ ፀረ ጥንቸል ወይም ፀረ ሰው ኮንጁጌት ለሚጠቀሙ ነው። እርስዎ ቢከተሉት ከወተቱም የከፋ ይሆናል፤ ፀረ በግ ኮንጁጌት የፍየልን ኢሚውኖግሎቡሊን እንደ በግ ቆጥሮ ይይዘዋልና። የጽንስ ጥጃ ሴረምም ከላም ወገን ነው፤ ይተዉት። ደንቡ አጭር ነው፦ በማገጃውም በማቅጠኛውም ውስጥ ኮንጁጌቱ የሚያውቀው እንስሳ ፕሮቲን አይኑር።

ስለ ፍየሉ ጠርሙስ የጠየቁትም በዚሁ ይመለሳል። ፀረ ፍየል ኮንጁጌት የበግን አንቲቦዲ አጥብቆ ይይዛል፤ ብዙ ቤተ ሙከራዎች አንዱን ጠርሙስ ለሁለቱም ይጠቀሙበታል። ወተቱ ካለ ግን እሱም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ጠርሙስ መቀየር ችግሩን አይፈታውም። በፕሮቲን ጂ (አንቲቦዲ የሚይዝ የባክቴሪያ ፕሮቲን) የተሠራ ኮንጁጌትም ከበግ ጋር ጥሩ ይሠራል፣ ግን እሱም የላም ኢሚውኖግሎቡሊንን ይወዳል። ፕሮቲን ኤ ለበግ ደካማ ነው፤ ባለዎት እንኳ አይድከሙበት።

ይህን ሁሉ በእኔ ቃል አይመኑ። አንድ ባለ ስምንት ጉድጓድ ስትሪፕ ይሠዉና ራስዎ ይዩት። በመጀመሪያው ጉድጓድ አንቲጅን አይኑር፤ በወተት ይሸፈን፤ ሴረም ሳይገባ ኮንጁጌት ብቻ ይጨመር። በሁለተኛው ሁሉም ያው ሆኖ ወተቱ በጄላቲን ይተካ። የመጀመሪያው ቀለም አውጥቶ ሁለተኛው ከጠራ ጥያቄዎ ተመልሷል፣ ቀሪውን ሻይ እየጠጡ መጨረስ ይችላሉ። ሦስተኛው አንቲጅንና ጄላቲን ኖሮት ሴረም የሌለበት ነው፤ ይህ ቀለም ካወጣ ኮንጁጌቱን የሚጠራው አንቲጅኑ ራሱ ወይም አብሮት የመጣ ነገር ነው። አራተኛው ላይ አንቲጅን፣ ጄላቲንና ከበሽታ ነጻ መሆኑ የታወቀ ሴረም ይኑር። አምስተኛው ያው ሴረም አንቲጅን በሌለበት ጉድጓድ ነው፤ ሴረሙ በራሱ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቅ እንደሆነ ያሳያል። ስድስተኛው ሙሉው ሥራ በበሽተኛ በግ ሴረም። ሰባተኛው እንደ ስድስተኛው ሆኖ ኮንጁጌት የሌለው። ስምንተኛው ባዶ ፕላስቲክና ቲኤምቢ ብቻ። ከመጀመሪያው የወተት ጉድጓድ በቀር ቀለም ሊያወጣ የሚገባው ስድስተኛው ብቻ ነው። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ቀለም ካወጣ ነገሩ የአንቲቦዲ አይደለም፤ ቲኤምቢው ወይም ዕቃው ተበክሏል።

ከዚህ ላይ በረኪናን ላንሳ። ቲኤምቢ ቀለም የሚያወጣው ኦክሳይድ ሲሆን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ሲያጣ ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ በረኪና ኢንዛይም አያስፈልገውም። የፒፔት ገንዳው በበረኪና ታጥቦ በደንብ ሳይለቀለቅ ቲኤምቢ ከተጨመረበት ገና ከገንዳው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ይልቅ የሚዘወተረው ግን ኮንጁጌት በነበረበት ገንዳ ቲኤምቢ መቅዳት ነው። ለቲኤምቢ የራሱ ገንዳ ይኑረው፣ በላዩም ይጻፍበት።

ወደ ማቅጠኑ እንሂድ፤ ወተቱ ባይኖርም 1 ለ1000 ለእርስዎ ይበዛል። በጠርሙሱ ላይ «ከ1 ለ1000 እስከ 1 ለ20,000» የሚል ጽሑፍ ካለ እሱ የሻጩ ግምት ነው፤ የእርስዎን አንቲጅን፣ የእርስዎን ፕሌትና የእርስዎን ክፍል አላየም። ፐርኦክሲዴዝና ቲኤምቢ አብረው ሲሠሩ በሚሊ ሊትር ከ20 እስከ 200 ናኖ ግራም ኮንጁጌት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። 1 ለ10,000 ሲሆን 100 ናኖ ግራም ነው። እርስዎ የተጠቀሙት የዚህን አሥር እጥፍ ነው። ከወጪ አንጻርም ያስቡት፦ አንድ ፕሌት 10 ሚሊ ሊትር ያህል የቀጠነ ኮንጁጌት ይፈልጋል። በ1 ለ1000 አንድ ፕሌት 10 ማይክሮ ሊትር ይበላል፣ በ1 ለ10,000 ግን 1 ማይክሮ ሊትር። የአንድ ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በመጀመሪያው 100 ፕሌት፣ በሁለተኛው 1000 ፕሌት ያሠራል። ብዙ ኮንጁጌት ብዙ እውነት የሚያመጣ ይመስለናል፤ የሚያመጣው የጠቆረ ፕሌት ነው።

1 ማይክሮ ሊትር በፒፔት ለመለካት ግን አይሞክሩ። በፒፔቱ ጫፍ ውጭ የተንጠለጠለችው ጠብታ ብቻ ከዚያ ልትበልጥ ትችላለች። 10 ማይክሮ ሊትር ከጠርሙሱ ወስደው በ990 ማይክሮ ሊትር በፈር ያቅጥኑ፤ ከዚህ 100 ማይክሮ ሊትር ወስደው በ9.9 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይጨምሩ። 1 ለ10,000 ሆነ። የቀጠነውን ለነገ አያስቀምጡ፤ በዚያ መጠን ፐርኦክሲዴዝ ሌሊቱን በእርግጠኝነት ያሳልፋል ብዬ አልምልም።

ትክክለኛውን መጠን የሚያገኙት በቼዝ ሰሌዳ ዓይነት አደራደር ነው። በፕሌቱ ርዝመት ኮንጁጌቱን በየዓምዱ በግማሽ እየቀነሱ ከ1 ለ2000 እስከ 1 ለ64,000 ያውርዱ። በስፋቱ ደግሞ ሁለት ረድፍ የጠንካራ በሽተኛ ሴረም፣ ሁለት ረድፍ የደካማ በሽተኛ፣ ሁለት ረድፍ የጤነኛ፣ ሁለት ረድፍ ያለ ሴረም ያድርጉ። ሰልፈሪክ አሲድ ጨምረው ቢጫ ከሆነ በኋላ በ450 ናኖ ሜትር ያንብቡ። ብዙ ሰው ከፍተኛውን ንባብ ያሳየውን ዓምድ ይመርጣል፤ እርስዎ ይህን አያድርጉ። ጠንካራው ከ1 እስከ 2 ሲያነብ፣ ጤነኛው ከ0.2 በታች የሆነበትንና ደካማው ከጤነኛው በግልጽ የሚለይበትን ዓምድ ይምረጡ። ምርጫውን የሚወስነው ደካማው በሽተኛ ነው። ጠንካራውን ማንኛውም መጠን ይለየዋል፤ በሠፈሩ በበግ መንጋ ውስጥ የሚያስቸግርዎት ግን ደካማው ነው። ንባቡ ከ3 በላይ ከወጣ መሣሪያው የሚለካው እየተቋረጠ ስለሆነ ቁጥሩን አይመኑት። ከልክ ያለፈ ኢንዛይም ባለበትም ቲኤምቢው ጠቁሮ ይዘቅጣል።

የሁለተኛው ፕሌት ነገር አጭር ነው። ሶዲየም አዛይድ ፐርኦክሲዴዝን ያከስመዋል፤ በሰብስትሬቱ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በተገኘበት ኢንዛይሙን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። በማጠቢያው ውስጥ ከጨመሩት ፕሌቱን ሲያራግፉ በጉድጓዱ ግርጌ የሚቀረው ቅሪት ብቻ ይበቃል። ኮንጁጌቱ ሕያው መሆኑን ለማረጋገጥ ከ1 ለ1000 የቀጠነው ላይ 1 ወይም 2 ማይክሮ ሊትር ወስደው በቱቦ ውስጥ ባለ 100 ማይክሮ ሊትር ቲኤምቢ ላይ ያንጠባጥቡ። ወዲያው ሰማያዊ መሆን ከጀመረ ኢንዛይሙ ደኅና ነው። በሌላ ቱቦ ላይ ከአዛይዱ ማጠቢያ ጨምረው ይድገሙት፤ ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል።

የማጠቢያው መሻገት መድኃኒቱ ባነሰ መጠን ማዘጋጀት ነው። አሥር እጥፍ የተወፈረውን አዘጋጅተው ያስቀምጡ፤ የዕለቱን ብቻ ያቅጥኑ። የግድ መከላከያ ካስፈለገ 0.01 በመቶ ቲሜሮሳል ፐርኦክሲዴዝን አዛይድ እንደሚጎዳው አይጎዳውም። ያዘጋጁትን የአዛይድ በፈር ደግሞ በመታጠቢያው ቧንቧ አይድፉት፤ ከመዳብና ከእርሳስ ቧንቧ ጋር ተዋሕዶ የሚፈነዳ ውሕድ ይፈጥራል። በአደገኛ ቆሻሻ ማስቀመጫ ይቀመጥ። አልካላይን ፎስፋቴዝ የተያያዘበት ኮንጁጌት ቢኖርዎ አዛይዱ አይጎዳውም ነበር፤ እሱን የሚጎዳው የፎስፌት በፈርና ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ነው። ሰብስትሬቱም የሚቀልመው ቢጫ ሆኖ በ405 ናኖ ሜትር ይነበባል። አንዱን በሌላው መመሪያ መሥራት ብዙ ፕሌት ይጨርሳል፤ በጠርሙሱ ላይ የተያያዘው የትኛው ኢንዛይም መሆኑን ሁልጊዜ ይመልከቱ።

አሁን የደብረ ብርሃንን ነገር ላንሳ። አንዳንድ ባለሙያዎች ኤላይዛ በደጋ የሚያስቸግረው በከፍታው ነው ይላሉ። ከፍታው አይደለም፤ ፐርኦክሲዴዝ ባሕር ወለል ላይም በ2,800 ሜትር ላይም ያው ነው። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። መመሪያው «በክፍል ሙቀት» ሲል 20 እና 25 ዲግሪ መካከል ያለ ክፍል በሐሳቡ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ሲያድር፣ ማሞቂያ የሌለው የደብረ ብርሃን ክፍል ጠዋት ላይ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ኢንዛይም በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ አንቲቦዲዎቹም በቀስታ ነው የሚገናኙት። ጠዋት በ3 ሰዓት የሠሩት ፕሌትና ከሰዓት በ9 ሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሠሩት ፕሌት የተለያየ ንባብ ቢያሳዩ በጎቹ አልተለወጡም። ያንኑ ሥራ ወደ 1,300 ሜትር ወርደው ሸዋ ሮቢት ቢሠሩት ደግሞ 15 ደቂቃ የተባለው ቲኤምቢ በአምስት ደቂቃ ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ የሴረሙንና የኮንጁጌቱን ቆይታ ኢንኩቤተር ውስጥ በ37 ዲግሪ ለአንድ አንድ ሰዓት ያድርጉ፤ ሰዓቱና ሙቀቱ በመዝገብ ይጻፉ። ፕሌቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ አይደርድሩ፤ ከላይና ከታች ያሉት ቀድመው ሲሞቁ መካከለኛው ይዘገያል፣ በአንዱ ፕሌት ውስጥም ዳር ያሉት ጉድጓዶች ከመካከለኞቹ ይለያሉ። ቲኤምቢውን ከማቀዝቀዣ አውጥተው ወዲያው አይጨምሩት፤ በጨለማ ቦታ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ቲኤምቢውንም በ25 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ማቆየት ይሻላል። ብርዱ አንድ ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣዎ ከቆላው ዘግይቶ ይሞቃል። ይሁን እንጂ ኮንጁጌቱን በተራ ማቀዝቀዣ የኋላ ግድግዳ አጠገብ አያስቀምጡት፤ እዚያ ይበርዳል፣ በረዶ ሆኖ መቅለጥ ኢንዛይሙን ይጎዳዋል። ግሊሰሮል ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለበት ዓይነት ብቻ ነው በዜሮ ታች 20 ዲግሪ ሳይጠነክር የሚቀመጠው። ጠርሙሱ እንደደረሰዎት በትንንሽ ቱቦ ይከፋፍሉት፤ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ይክፈቱ።

እጥበቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፦ ከኮንጁጌቱ በኋላ አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ጉድጓዱ እስኪሞላ፣ በመካከል ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ፣ በመጨረሻ በወረቀት ላይ በደንብ እየተመታ። በችኮላ የታጠበ ፕሌት ኮንጁጌቱ ምንም ቢቀጥን ቀለም ያወጣል።

ወተቱን ካስወገዱ በኋላ አንድ ጣጣ ይጠብቅዎታል፤ አሁኑኑ ልንገርዎ። አንቲጅንዎ በኢ. ኮላይ የተመረተ ነው፣ ምንም ቢጣራ የባክቴሪያው ፕሮቲን ትንሽ አብሮት ይመጣል። ኢ. ኮላይ ደግሞ በማንኛውም በግ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ በጉ ለእሱ አንቲቦዲ አለው። ስለዚህ ከበሽታው ነጻ የሆነ በግ ሴረም እንኳ ሊያቀልም ይችላል፣ ሴረም የሌለበት ጉድጓድ ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። ሴረሙን በሚያቀጥኑበት በፈር ውስጥ አንቲጅኑን ከማይሠራው ተመሳሳይ ኢ. ኮላይ የተገኘ ጭማቂ ይጨምሩ፤ እነዚያን አንቲቦዲዎች አስቀድሞ ይይዛቸዋል። ከዚህም የሚሻለው ለእያንዳንዱ ሴረም አጠገብ ለአጠገብ ሁለት ጉድጓድ ማዘጋጀት ነው፦ አንዱ አንቲጅኑ ያለበት፣ ሌላው የባክቴሪያው ጭማቂ ብቻ ያለበት። የሁለተኛውን ንባብ ከመጀመሪያው ይቀንሱ። የፕሌቱን ግማሽ ያጣሉ፤ የሚያገኙት ግን ያን ያህል ዋጋ አለው።

ይህን ያህል የምወተውተው ሜዲ ቪስና በሰሜን ሸዋ ታሪክ ስላለው ነው። ከእስራኤል የመጡ አዋሲ የተባለ ዝርያ በጎችን ከመንዝ በግ ጋር ለማዳቀል በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማባዣ ማዕከሎች ሲሠራ በሽታው በመንጋው ውስጥ በመገኘቱ የድቅል አውራ በግ ሥርጭት ተቋርጦ ነበር። አይስላንድም እ.ኤ.አ. በ1933 ከጀርመን ባስገባቻቸው የካራኩል በጎች ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት፣ ብዙ መንጋ አርዳ ነው የተገላገለችው። በሽታው መድኃኒት የለውም፤ አንድ ጊዜ የያዘው በግ ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፣ ስለዚህ በአዋቂ በግ ላይ አንቲቦዲ ተገኘ ማለት ተይዟል ማለት ነው። በመንዝ ገበሬዎች ተሰባስበው ለእርባታ የሚመርጡት አውራ በግ በእርስዎ ፕሌት ላይ ሰማያዊ ከሆነ ዕጣው ቢላ ነው። በወተት ምክንያት ቀለም ያወጣ ጉድጓድ የአንድ ሠፈር ምርጥ አውራ ሊያሳርድ ይችላል። በሌላ በኩል በወተት ምክንያት የደከመ ንባብ ደግሞ በሽተኛውን ወደ መንጋው ይመልሰዋል።

ስለዚህ በሽተኛውን ከጤነኛው የሚለየውን የንባብ ነጥብ ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ ኪት መመሪያ አይቅዱ፤ በኪቱ ላይ ያለው ነጥብ የኪቱ አንቲጅንና የኪቱ ኮንጁጌት ነው። ከበሽታው ነጻ መሆናቸው በሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ በአጋር ጄል ምርመራ፣ የተረጋገጠ የጤነኛ በጎች ሴረም ሰብስበው የንባባቸውን አማካይ ያውጡና የልዩነት ልኬታቸውን (ስታንዳርድ ዴቪየሽን) ሦስት እጥፍ ይጨምሩበት፤ ለመነሻ ይበቃል። በሽተኛም ጤነኛም የሆነ ማመሳከሪያ ሴረም ለማግኘት ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በእያንዳንዱ ፕሌት ላይም ሁለቱም ይኑሩ። ከስድስት ወር በታች የሆነ ግልገል ከእናቱ እንገር ያገኘው አንቲቦዲ ሊኖረው ስለሚችል ለብቻው ይመዝገብ። በቅርቡ የተያዘ በግ አንቲቦዲ እስኪያሳይ ወራት ሊፈጅ ስለሚችልም «ነጻ» የተባለው አውራ እርባታው ከመጀመሩ በፊት ድጋሚ ይመርመር።

የሰበሰቡት ሴረም ደኅና ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጥ፣ ደጋግሞ አይቅለጥ። የሁለቱ ፕሌቶች ቁጥር ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ እንዳይገባ፤ ገበሬዎቹ ወይም የግብርና ባለሙያው ከጠየቁ «ውጤቱ ገና አልወጣም» ይበሏቸው፣ እውነቱም ይኸው ነው። ስምንቱን ጉድጓድ ሲሠሩ ሦስተኛው፣ አንቲጅን ኖሮት ሴረም የሌለበት ጉድጓድ፣ አሁንም ቀለም ካወጣ አንቲጅኑ እንዴት እንደተጣራና በምን በፈር እንደተቀመጠ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ያን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ኮንጁጌቱ ሳይሆን ስለ ማጣሪያው ይሆናል።